የመምህር አራጋው የመጨረሻ እርማት

መምህር አራጋው ማረፋቸውን ያወቅሁት መርሳ መናኸሪያ፣ ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። እሳቸው ያዘዙኝን አንድ እርማት ጨርሼ ላሰማቸው መንገድ ጀምሬያለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ደወሉና «ሰብልዬ፣ መምህርሽ ትንሽ ደክሟቸዋል፤ ዛሬውኑ ነይ» አሉኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም። «ትንሽ ደክሟቸዋል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ግን የወረዳችን የሀብሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አወቅሁ። ሲሪንቃን ስናልፍ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ እያለቀስኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ምን ሆንሽ ሳይሉኝ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉኝ።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ወልድያ ኮምፒውተር ያስተማሯችሁ እርማታቸውን አትረሱትም። ወረቀቱን ለሁለት ያጥፉና በአንዱ በኩል «ጥንካሬ»፣ በሌላው «ድክመት» ብለው ይጽፋሉ። የጥንካሬው በኩል ሳይሞላ ወደ ድክመቱ አይሻገሩም። «ጥንካሬውን ያላየ ሰው ድክመቱንም አላየም፤ ተናዶ ነው እንጂ» ይሉ ነበር። እኛ ግን ወረቀቱ እንደተሰጠን ዘለን የምናነበው ድክመቱን ነው።

የመመረቂያ ሥራዬ «ዝግ ቤት» የሚባል አስፈሪ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። አንዲት ልጅ ሰዉ ሁሉ በጠፋበት ከተማ ብቻዋን ትቀራለች። ኮቴ እየሰማ አድኖ የሚበላ ጭራቅ አለ። ቦርሳዋ ከአራት ነገር በላይ አይይዝም። ከጭራቁ እየተደበቀች ከከተማው መውጣት አለባት፤ ጨዋታው ይኸው ነው።

መምህር በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ተጫውተው አያውቁም። «ያልቀመስኩትን አላርምም» ብለው መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ተቀመጡ። ገና ከመጀመሪያው ኮሪደር ሳይወጡ ጭራቁ ስንት ጊዜ እንደበላቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በተያዙ ቁጥር «በስመአብ!» ሲሉ ከሚቀጥለው ክፍል ተማሪ እየወጣ ያየን ነበር። አንድ ቀንማ ጥግ ሲያስይዛቸው «ቆይ እንጂ አንተ!» ብለው ተቆጡት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ከሁላችንም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ወረቀቱ መጣ። ከጥንካሬው በኩል ስለ ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «ቆርቆሮው ላይ የሚሄደው የጭራቁ ኮቴ ዓይኔን ጨፍኜም ያስፈራኛል።» ቦርሳውንም ወደውታል፦ «አራት ነገር ብቻ መያዟ ደግ ነው። መድኃኒቱን ልያዝ ወይስ ባትሪውን እያልኩ ላብ አጠመቀኝ።» ከድክመቱ በኩል ደግሞ፦ «ጭራቁን ቶሎ ቶሎ ታሳዪኛለሽ። ጅብ የሚያስፈራው ሲጮህ ነው፤ በቀን ካየሽው የተቸገረ ውሻ ነው።» ይህን በዕለቱ አረምኩ። ያናደደኝ የመጨረሻው ነው፦ «በዚህች ከተማ በሩ ሁሉ ለምን ተዘጋ? ልጅቷ አንድም ጊዜ የጎረቤት በር አታንኳኳም። የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው?»

ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ተከራከርኩ። «መምህር፣ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሕጉ እንዲህ ነው። ልጅቷ ሰው ካገኘች ፍርሃቱ ይጠፋል።»

«አይጠፋም፤ ይካፈሉታል እንጂ» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። አሳለፉኝ፤ ያቺን ነጥብ ግን በቀይ ከበቡና «ቀሪ» ብለው ጻፉባት። ከተመረቅሁም በኋላ ያቺ ቀይ ክብ እንቅልፍ ትነሳኝ ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ወደ እናቴ፣ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። እንዲህ ያለውን ነገር ከማንም በላይ የማውቅ መስሎኝ እንደ ጨዋታዬ ልጅ ሆንኩ። በሩን ቀረቀርኩ፤ በሶዬን፣ ውኃዬን፣ የእጅ ባትሪዬንና ኔትወርክ የሌለው ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ድምፄን አጠፋሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። አልጋ ሥር ገባሁ። ኮቴው ሄደ። በሦስተኛውም ቀን ተንኳኳ፤ አሁንም አልጋ ሥር። ከዚያ ከውጭ «ሰብለ! ጭራቁ አይደለሁም፤ አራጋው ነኝ!» የሚል ድምፅ መጣ።

በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ስከፍት መምህር የስም መጥሪያ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ከተማው ውስጥ የቀሩ ተማሪዎቻቸውን በር ለበር እየዞሩ ይጠሩ ነበር። «ትናንት ቀሪ ብዬሽ ነበር» አሉኝና ስሜ ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ተማሪው፣ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤትም ሼህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት። መምህርም ሼህ እንድሪስም የስኳር ሕመምተኞች ናቸው፤ ያለ መርፌ መዋል አይችሉም። መድኃኒት ቤቱ ባዶ ነው፤ መብራት የለም። የመምህርን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ እናቀዘቅዘው ነበር። ጨርቁን ማራስ የኔ ሥራ ሆነ።

የሼህ እንድሪስ መድኃኒት ሲያልቅ መምህር የራሳቸውን ለሁለት ከፈሉት። ሼሁ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ወላሂ አልወስድም አራጋው! እኔ ኖሬያለሁ፤ አንተ ልጆች አሉህ።»

«ሼህ፣ እርስዎ ዱዓ ያድርጉ፤ ሒሳቡን ለእኔ ይተዉት» አሏቸው።

እኔ ግን በገንኩ። ጓሮ ጠርቼ «መምህር፣ ይህ እኮ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም!» አልኳቸው።

«ሰብለ፣ አሁን ገብቼ ከሼህ እንድሪስ ጋር ከአንድ መሶብ ምሳ ልበላ ነው። ፊታቸውን እያየሁ እንዴት ልጉረስ?» አሉኝና ገቡ።

በራሳቸው ሕግ ጥንካሬያቸውን አስቀድሜያለሁ፤ ድክመታቸውንም ልጻፍ። መምህር ግትር ነበሩ። ዓይናቸው መደብዘዙን ከእትዬ ሙሉ ደበቁ፤ ሲጠየቁ «አቧራ ነው» ይሉ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ መድኃኒት ሲገባ ጉዳቱ ሥር ሰዷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ኩላሊታቸውም ደከመ። አንዳንድ ቀን አሁንም እናደድባቸዋለሁ። ሼህ እንድሪስን በመንገድ ሳገኛቸው ግን በማን እንደምናደድ ይጠፋኛል።

እኔ መርሳ ተመልሼ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ከፈትኩ። «ዝግ ቤት»ንም እንደገና አነሳሁት። በመጨረሻው ሰፈር አንድ በር ሠራሁ፤ ልጅቷ ስታንኳኳ የሚከፈት። ከውስጥ የሚመልስላት ድምፅ ሲያስፈልገኝ የመምህርን ቀዳሁ፦ «ማን ነው? ግቢ፣ ግቢ!»

ጨዋታውን ይዤላቸው ስሄድ «ራሴ ነኝ የምጫወተው» አሉ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ቆርቆሮው ላይ የሚሄደውን ኮቴ ብቻ እየሰሙ፣ ቀስ እያሉ እስከ በሩ ደረሱ። ዓይን እያላቸው ያን ያህል የተቸገሩበትን ኮሪደር በጆሮ ወጡት። አንኳኩ። የገዛ ድምፃቸው «ግቢ» ሲላቸው እንደ ሕፃን ሳቁ። እኔም «ጨረስሽ» የሚለውን ቃል መጠበቅ ጀመርኩ።

«አንድ ድክመት ቀረ» አሉኝ።

«ደግሞ ምን?»

«ገባች፤ ከዚያስ? ዝም አላችኋት። ሰው ቤት ሲገባ ቁጭ በይ አይባልም? በርጩማ እንኳ የለም። ይህን ሁሉ ስትሮጥ የመጣች ልጅ ይኸው ቆማ ቀረች።»

እዚያው ስልኬን አስይዘውኝ «ቁጭ በይ ልጄ፣ ደክሞሻል» ብለው ቀዱልኝ። ለእኔ የቀረኝ በርጩማውን መሥራት ብቻ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። ሥራ በዛ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ይህ የእኔ ድክመት ነው፤ የሚሰርዘውም የለም።

ለቅሶው ድንኳን ላፕቶፔን እንደያዝኩ ገባሁና መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሼህ እንድሪስ ከተቀመጡበት ተነሥተው በርጩማቸውን ወደ እኔ ገፉት። «ተቀመጭ የኔ ልጅ» አሉኝ። ያኔ ጮኼ አለቀስኩ።

መምህር፣ በርጩማው ገብቷል። በሩ ይከፈታል፤ እርስዎ «ግቢ» ይሏታል፤ ልጅቷም ትቀመጣለች። ቀይዋን ክብ በእርስዎ እጅ ብትሰረዝ ነበር የምወደው፤ እኔው ሰረዝኳት፤ ይቅር ይበሉኝ። ስንቱን በር ሲያንኳኩ ኖረዋል፤ አሁን በደረሱበት ደጅ «ማን ነው? ይግቡ» የሚልዎ አይጥፋ። ገብተው ቁጭ ይበሉ መምህር፤ ደክሞዎታል።