ክር ያረፈበት ሰው

ጠመንጃ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ያን ሰሞን ጣራ ላይ በሆዴ ተኝቼ ያዩኝ ጎረቤቶች ምን ምን እንዳወሩ ስለደረሰኝ ነው። የተኩስ ስፖርት ክለባችን ጠመንጃዎች ከመጋዘን የሚወጡት ለልምምድና ለውድድር ብቻ ነው። እኔ ይዤ የመጣሁት ሁለት መነጽር ነበር፤ ጠመንጃ ላይ የሚታሰር፣ ሩቅ ዒላማ የሚያቀርብ መነጽር። ክለቡ ለረጅም ርቀት ውድድር አንዱን ሊገዛ ፈለገ፣ አስመጪው ሁለቱንም አውሶን "ሞክራችሁ ምረጡ" አለ፣ የክለቡ ሰዎች ደግሞ "አንተ ዓይንህ ጥሩ ነው" ብለው በእኔ ላይ ጣሉት። ዓይኔን እያሞገሱ ሥራውን እንዳሸከሙኝ ገብቶኛል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ያስዋሸኛል።

የምኖረው ከደምበል ጀርባ ነው፤ ኪራይ ቤት፣ የሕንፃው መጨረሻ ፎቅ። ከእኔ በላይ ልብስ የሚሰጣበትና ጥቋቁር የውሃ ሮቶዎች የተደረደሩበት ጣራ ብቻ ነው ያለው። ከጣራውም ሆነ ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት ካዛንቺስ ይታያል። ማለቴ፣ ካዛንቺስ የነበረበት ቦታ ይታያል።

አባቴ ከእኔ ጋር መኖር የጀመረው ሰፈሩ ሲፈርስ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ቤት፣ እናቴም ያረፈችበት ቤት ነበር። እሷ ከሞተች በኋላ አባዬ በረንዳው ላይ የነበረው ወንበሯ ላይ ማንም እንዲቀመጥ አይፈቅድም ነበር፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላ ወንበር እስኪመጣ። ቤቱ የፈረሰ ዕለት ወንበሩም እዚያው ቀረ። አባዬ እኔ ቤት ገባ፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ሥር ከተተ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በቃ። ከዚያ በኋላ ጫማ አላደረገም።

ሐኪም አመጣሁለት። መረመረውና "ምንም የለባቸውም፣ ይነሱ" አለኝ። ይነሱ! ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል? እኔ ሌት ተቀን የምለምነው እሱን አይደል? ከሰፈራችን ሽማግሌዎች መሃል እንዲሁ ተኝተው እንዲሁ የሄዱ ነበሩ፤ በሽታ ሳይኖራቸው። ስለዚህ ፈርቼ ነበር። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ትንፋሹን ማዳመጥ ነበር።

መነጽር ሱቅ ውስጥ አይመረጥም፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያምራል። ምርጡ የሙከራ ሰዓት ማለዳ ነው፣ አስፋልቱ ሳይግል፣ ወላፈኑ ተነስቶ ዒላማውን እንደ ውሃ ማንቀጥቀጥ ሳይጀምር። ከሁለቱ ትልቁ ከባድ ነበር፤ ሩቁን ነገር አምጥቶ አፍንጫህ ላይ ይለጥፈዋል፣ ግን የሚያሳይህ ቁራጭ ነገር ብቻ ነው። ትንሹ ብዙም አያቀርብም፣ በሱ ግን ዓለም ሰፊ ነው። መሃላቸው ላይ ሁለቱም እንደ መስቀል የተመሳቀለ ቀጭን ክር አላቸው፤ የምትመታው ነገር ላይ የምታሳርፈው እሱን ነው። እኔ ለሙከራ የመረጥኩት ካዛንቺስ ዳር የቆመ ጅምር ሕንፃ ነበር፤ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሷል፣ አንዱ መስታወት ላይ ያልተላጠ የፋብሪካ ወረቀት አለ። ወረቀቱን በደንብ ያሳየኝ ያሸንፋል።

በመጀመሪያው ጠዋት አባዬን ተሸፋፍኖ ትቼው፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ በሩን ዘግቼ ወጣሁና ጣራ ላይ ተጋደምኩ። ከመስቀል አደባባይ የሯጮች ጭብጨባ ይሰማል። ፀሐይዋ ከወዲያ ወጥታ የእኛን ፎቆች ፊት ለፊት መታቻቸው፤ የመስታወቱ ሕንፃ ግን ፊቱ ገና ጥላ ውስጥ ነበር። በትልቁ መነጽር ወረቀቱን አገኘሁት። ደስ አለኝ። ትንሽ ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ሰው አየሁ።

ጋቢ ለብሷል። ተቀምጧል። ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ጥልቅ ውስጥ፣ ወደ እኔ ዞሮ ተቀምጧል። ፊቱ አይለይም፤ ነጭ ጋቢና ከላዩ ጠቆር ያለ ጭንቅላት ብቻ። አይንቀሳቀስም። ክሩ ደግሞ መሃል ደረቱ ላይ አርፏል።

በስመአብ ብዬ ዓይኔን ነጠቅሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን "እና ምን አለበት?" ይል ይሆናል። እኛ ግን ያሰለጠኑን ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ሕግ ነበራቸው። ክር ሰው ላይ አያርፍም። መነጽሩ ጠመንጃ ላይ ይታሰር አይታሰር፣ በስህተትም ቢሆን። ካረፈ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሄደህ ያንን ሰው አግኝተህ እጁን ጨብጠህ ሰላም ትለዋለህ። "አለበለዚያ ነፍሱ እዚያው ክሩ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች" ይሉ ነበር። ከተኩስ ሜዳችን ማዶ ባለው ኮረብታ ገበሬ ሲያልፍ በመነጽር ያየ ሁሉ፣ ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ "እንዴት ዋሉ?" ብሎ ይመለሳል። ገበሬዎቹ እብዶች ነው የምንመስላቸው። እንስቃለን፣ ግን አንድም ቀን የቀረ የለም። እኔም እስካሁን አልቀረሁም።

ከሥራ እንደወጣሁ ወደ ካዛንቺስ ሄድኩ። የሰፈሬ ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መንገዱ ሰፍቷል፣ አምፖሉ ተደርድሯል፣ ሣሩ በቧንቧ ይጠጣል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ኳስ የተጫወትኩበት ቦታ ላይ ቆሜ በየት በኩል እንደሚኬድ ሰው ጠየቅሁ። ያለቀስኩ መሰለኝ፤ አቧራም ሊሆን ይችላል።

የሕንፃው ጥበቃ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ፎጣ ተከናንባ ከቆርቆሮ አጥሩ በር ላይ ቆማለች።

"እህቴ፣ ጠዋት ላይ ላይኛው ፎቅ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢ የለበሱ። ሰላም ልላቸው ነበር።"

"የቱ ፎቅ?"

ጠቆምኳት። ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እዚያ ወለል የለም እኮ ወንድሜ። ገባ ብለህ እይ ከፈለግህ። ከሥር እስከ ላይ ክፍት ነው፣ መስታወቱ ብቻ ነው የቆመው።"

ገባሁና አንጋጠጥኩ። እውነቷን ነው። እንደ ጉድጓድ ያለ ባዶ ነገር ነው፣ ወደ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ። ርግቦች ብቻ ነበሩበት።

"ሥራ ተጀምሮ እስከ ቆመበት ድረስ የሞተ ሰው ነበር?" አልኳት ስወጣ።

"ኧረ በእመቤቴ! እዚህ የማድረው እኔ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አትንገረኝ!" አማተበች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ቂርቆስ ጸበል አለ፣ ብቅ በል" አለችኝ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት፤ ማለቴ፣ ለጀርባው። ሾርባውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ አሰልጣኛችን ሕግ፣ ወለል ስለሌለው ፎቅ አወራሁለት። መልስ አልጠበቅሁም፤ ዝምታው ሲከብደኝ ያገኘሁትን ሁሉ እለፈልፍ ነበር።

"ሳላገኘው አንድ ነገር ቢሆንስ አባዬ?" አልኩት።

ትንፋሹ ለአፍታ ቆሞ ቀጠለ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ሾርባው እንዳለ ተመለሰ።

በማግስቱ ጣራ ላይ አልወጣም ብዬ ነበር። ወጣሁ። ሰውየው እዚያው ነበር፤ ያው ጋቢ፣ ያው አቀማመጥ። በትንሹ መነጽር ስፈልገው ከነጭ ነጥብ በቀር ምንም የለም፤ በትልቁ ግን አለ። ክሩን ከሱ ላይ አንስቼ ጎኑ ላይ አሳረፍኩና ያልገባኝን ነገር እንደማንኛውም ተኳሽ መመርመር ጀመርኩ። መነጽሩ በጎኑ የርቀት ቀለበት አለው፤ ምስሉ ጥርት እስኪል ታዞረዋለህ፣ የጠራበት ቦታ ርቀቱን ይነግርሃል። ወረቀቱ ጥርት ሲል ሰውየው ይደበዝዛል። ሰውየውን ለማጥራት ቀለበቱን ወደ ሩቁ ጫፍ ማዞር ነበረብኝ። ስለዚህ ሰውየው ሕንፃው ውስጥ አይደለም። ከሕንፃው አልፎ፣ የትየለሌ ርቆ ነው የተቀመጠው።

ሲጠራ ሌላም ነገር አብሮ ጠራ። ከሰውየው በላይ፣ ልክ ከራሱ በላይ፣ ጠርዝ ላይ የተጋደመ ሰው አለ። ጥቁር። ፊት የለውም፤ ፊቱ መሆን ባለበት ቦታ ረዘም ያለ ነገር ወደ እኔ ተደግኗል።

መሮጥ አማረኝ። ከሰውየውና ከእኔ ማናችንን እንደሚፈልግ አላውቅም። ሳላስበው ግራ እጄን ፊቴ ላይ ላደርግ አነሳሁ።

ያም እጁን አነሳ።

ቀስ ብዬ አወረድኩ። አወረደ። ከጎኑ ጥቋቁር ድብልብል ነገሮች ተደርድረዋል። ሮቶዎች! የእኛ ሮቶዎች፤ አንደኛው ክዳኑ በነፋስ ተወስዶበት በቆርቆሮ የተከደነው ሳይቀር። መስታወቱ መስታወት ነው፣ እኔ ጅሉ ራሴን ነው የማየው። ሕንፃችን በፀሐይ ተመትቶ ጥላ ውስጥ ባለው መስታወት ላይ ቁልጭ ብሏል። እፎይ ብዬ ልስቅ ስል ነገሩ ገባኝ። ጋቢ የለበሰው ሰው ከእኔ ሥር ነው። ከእኔ ሥር ያለው የእኔ በረንዳ ነው።

ሁለቱንም መነጽር አንጠልጥዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

አባዬ በረንዳው ላይ፣ ከወጥ ቤት ባወጣት ዱካ ላይ ተቀምጧል። በባዶ እግሩ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንዳየሁት፣ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ ያደረግሁት ሌላ አይደለም፤ ሄጄ እጁን ጨበጥኩት። በረዶ ሆኗል።

"ሰላም ነው አባዬ?"

"ሥራ አልሄድክም እንዴ?" አለኝ። ድምፁን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር እንግዳ ሰው የተናገረ መሰለኝ።

"በየቀኑ ነው የምትነሳው?"

"በሩን ስትዘጋ" አለ፤ እንደተያዘ ልጅ አቀረቀረ። "ቤታችንን ልፈልግ ነው። የቱ ጋ እንደነበር ጠፋኝ። ጠዋት ጠዋት ተቀምጬ እፈልጋለሁ፣ አላገኘውም። እናትህ ያለችበት ቦታ እንዴት ይጠፋኛል?"

ትልቁን መነጽር በረንዳው ብረት ላይ አስደግፌ ዓይኑን አስጠጋሁለት። አልሆነም፤ ቁራጭ ግድግዳ፣ ቁራጭ ሰማይ፣ ትንሽ ሲነቃነቅ ሁሉም ይዘላል። "ይህ ያደናግራል" ብሎ ገፋው። ትንሹን ሰጠሁት። በሱ ሜዳው ከነመንገዱ፣ ከነአጥሩ ጸጥ ብሎ ይታያል። ክለቡ የትኛውን እንደሚገዛ ያኔውኑ አወቅሁ። ያልተቆረጡትን ዛፎች እየቆጠርን መጣን፤ እኔ እየመራሁት፣ እሱ "ቆይ፣ ቆይ" እያለኝ።

"ጽዳችን!" አለ።

ደጃፋችን ላይ የነበረው ጽድ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው። ቆርቆሮ አጥር ተደግፎ ብቻውን ቆሟል። አባዬ መነጽሩን ከዓይኑ አላነሳም።

"አለች" አለ።

"ማን?"

"ወንበሯ ላይ ናት። በረንዳው ላይ።"

ተቀብዬው አየሁ። ጽዱ፣ አጥሩ፣ አቧራው፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ። በረንዳ የለም፣ ወንበር የለም። ደጋግሜ አየሁ። ምንም እንደሌለ ልነግረው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው ዘጋሁት።

"ክሩ ደረቷ ላይ ነው ያረፈው" አለኝ፣ ረጋ ብሎ። "ሰላም ሳልላት አላድርም። አሰልጣኛችሁ እንደዚያ አይደል ያሉት?"

"እሱማ አዎ፣ ግን አባዬ..."

"ጫማዬን አምጣልኝ።"

ሲነሳ እንዲህ ይነሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወደ እሷ እንዲሄድ ልርዳው ወይስ ልከልክለው፣ የቱ እንደሚያድነው አላወቅሁም። ገብቼ አልጋው ሥር ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወጣሁ፤ አቧራውን በእጄ ጠረግሁና ተንበርክኬ አጠለቅሁለት።