ማሲቭሊ የምትለው ቃል

ባለቤቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከሞተ ስድስት ወር ሆነው። ይህን በቀን ጥቂት መስመር ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከዚያ በላይ እጄ አይታዘዝልኝም። የምጽፈውም አንዲት ነገር ስላስጨነቀችኝ ነው። እንደሚሞት እያወቀ ደብቆኝ ነበር ወይ?

ነገሩን ከእንግሊዝኛው ልጀምር። ከብዙ ዓመት በፊት እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ፈረንጅ መምህርት ለአንድ ዓመት መጥታ ነበር። እሑድ እሑድ እኛ ቤት ትበላለች። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም መጨረሻቸው ሊ የሚሉትን ቃላት ከንግግሯ መሃል ለየኋቸው፤ ሂዩጅሊ፣ ኢኖርመስሊ፣ ኢመንስሊ፣ ማሲቭሊ። ባለቤቴን ስጠይቀው ሁሉም የትልቅነት ቃላት ናቸው አለኝ።

«በጣም ማለት ነዋ?»

«በጣም ነው፤ ግን ተራራ የሚያክል በጣም።»

ታዲያ ሴትዮዋ ስኒ ስትሰብርብኝ ያዘነችው ተራራ የሚያክል ሐዘን ነው። ድንች ቀቅዬ ሳቀርብላት ያመሰገነችኝ ተራራ የሚያክል ምስጋና ነው። ዝናቡ፣ ርቀቱ፣ የተማሪው ብዛት፣ የቡችላችን ጆሮ፣ ሁሉም ያንኑ ቃል ያገኛል። እኔ ይህን ቃል መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ለሁሉ የሚታደል ቃል ምን ይመዝናል?

«እውነተኛው ተራራ ሲመጣ ምን ልትለው ነው?» አልኩት።

«ያንኑ ትለዋለች» አለና ሳቀ።

አንድ ቀን ቡሬ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቱ አገር ይዘናት ሄድን። አማቴ በሕይወት ነበሩ። ከጓሯቸው የነበረውን ትልቅ ዱባ ሰው ሲመጣ በቅጠሉ ሸፈን አድርገውታል። ፈረንጇ ቅጠሉን ገለጠችና ሁለት እጇን ዘርግታ ኢኖርመስሊ እያለች ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ አማቴ።

«ደህና ነው ትላለች» አለ ባለቤቴ።

«ይህን ሁሉ ለፍልፋ ደህና ነው ብቻ? መንግሥት የሚከፍልህ ለዚህ ነው?»

ሳቅን። አማቴ ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ልጃቸው ዱባውን ከዓይን አድኖላቸዋል። በእኛ አገር የትልቅ ነገር ልኩ አይነገርም። በሬው የደለበለት ሰው «ምንም አይል» ይላል። አውድማው የሞላለት «እፍኝ ነች» ይላል። ክፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቤቱ የነደደበት ሰው «ትንሽ እሳት ነካን» ብሎ ነው የሚነግርህ። ሰሚው የተናጋሪውን ፊት አይቶ ልኩን ያውቀዋል። በዚህ የሚታለል ሰው የለም፤ እኔ እስክታለል ድረስ።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ የባለቤቴ ሆድ በግራ በኩል ጠጠር ማለት ጀመረ። ቀበቶውን ከእምብርቱ በታች ዝቅ አድርጎ ያስር ጀመር። ሐኪም ቤት ሄድን። ለጥቂት ሳምንት የመጣች ፈረንጅ ሐኪም ነበረች፤ አጠገቧ አንዲት ነርስ አለች። ነርሷ ልታስተረጉምልኝ ስትል ባለቤቴ «ተዪው፣ እኔ እነግራታለሁ» አላት።

ሐኪሟ ሆዱን በእጇ ዳሰሰች። ከግራ ጎድኑ ሥር ጀምራ ጣቷን እምብርቱን አሻግራ አቆመችና ቀስ እያለች ረጅም ነገር ተናገረች። ማሲቭሊ ስትል በደንብ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ አዳመጠና ወደ እኔ ዞሮ፣

«ጣፊያዬ ትንሽ ከፍ ብላለች» አለኝ።

ቃሏን አልሰማሁም ብል ውሸቴን ነው። ነገር ግን ከተሰበረው ስኒና ከድንቹ እኩል አየሁት። ፈረንጅ ናት፣ እንዲህ ነው የሚያወሩ አልኩ በልቤ። ደግሞ ያን ጊዜ ዓይኔን ከሐኪሟ ላይ አላነሳሁም፤ ምን መድኃኒት ልትሸጥልን ነው ብዬ እየጠረጠርኳት ነበር። የእሱን ፊት አላየሁትም።

ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ።

ከአርባው በኋላ የፈተና ወረቀቶቹን ሳስተካክል በመሃላቸው የሐኪም ቤቱን ወረቀት አገኘሁ። በመዝገበ ቃላቱ እየታገዝኩ ሦስት ቀን ፈጅቼ አነበብኩት። በሽታው የደም ነው፤ ጣፊያው ማሲቭሊ ትልቅ ሆኗል፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድነውም። ከታች አንዲት አጭር መስመር አለች፤ ለባለቤቱ ተነግሯታል ትላለች።

ማን ነገረኝ? ወረቀቱን ይዤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሷን ጠበቅኋት። የባለቤቴ ተማሪ የነበረች ልጅ ናት።

«ሐኪሟ ማሲቭሊ ብላለች አይደል?» አልኳት።

«ብላለች፣ ቲቸር።»

«እንደ ሰላምታቸው ነው ወይስ ልኩን ነው የተናገረችው?»

«በእኛ ሥራ ልኩን ነው። ጣፊያ እምብርት ሲያልፍ ነው እንዲህ የሚጻፍ። ባለቤትዎም አውቀውታል። ቃሉን ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ ትንሽ ሲለኝ ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«አስተማሪዬን ላርም፣ ቲቸር?» አለችና አቀረቀረች። «እርስዎ ቀድመው እንደወጡ ሐኪሟ ‹ነገርካት?› ብላ ጠየቀቻቸው። ‹ነግሬያታለሁ› አሉ። እኔ ፊቴን አጠቆርኩ መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ‹የአገሬ ልጅ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ላስረዳት?› አሉኝ።»

አላመንኳትም። ሐዘንተኛ ፊት ሰው ደግ ወሬ ይፈጥራል፤ እኔም ለስንቱ ፈጥሬያለሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ከሐኪም ቤቱ ሁለት ሳምንት በኋላ እህቱን እንጠይቅ ብሎኝ ወደ አባቱ አገር ሄደን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ስንወጣ ከቅጥሩ አጠገብ አንዲት ጥግ ላይ ቆመና፣

«ይህች ቦታ እንዴት ናት?» አለኝ።

ጽድ መትከል ይወድ ነበር። ችግኝ ሊተክል መስሎኝ «ጠባብ ናት» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ትበቃለች» አለ።

የተቀበረው እዚያ ነው። በቀብሩ ቀን ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር። ቦታውን ያሳየች ታላቅ እህቱ መሆኗን ሰምቼ፣ እኔን ሳይጠይቁ ቤተሰቡ ብቻውን ተማክሮ ጨረሰ ብዬ ቂም ይዤባት ነበር። ነርሷን ባነጋገርኩ በሳምንቱ በሚኒባስ ቡሬ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። እህቱ ደጃፏ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች።

«እትዬ፣ የመቃብሩን ቦታ ማን ነው የመረጠ?» አልኳት፣ ገና ሳልቀመጥ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺና እሱ ናችሁ እንጂ።»

«እኔ?»

«ያን ሰሞን የመጣችሁ ጊዜ አንቺ ጓሮ ሳለሽ ነገረኝ። ‹ቦታውን አሳየኋት፣ ጠባብ ናት አለችኝ፣ ትበቃለች ብያታለሁ› አለ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ‹እንዲህ ያለች ሴት ናት፣ አታለቅስም› አለኝ። እኔም ወንድሜን ልቀብር ነው ብዬ ማልቀስ አፍሬ ዋጥኩት።» ፍልፍሉን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «ለቆፋሪዎቹ ሰፋ አድርጉት ያልኳቸው ለዚያ ነው። አንቺ ጠበበ ስላልሽ።»

ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ነግሮኝ ነበር። እኔም መልሼለታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለታችንም ያወቅን መስሎት ከጎኔ ኖረ። ለቅሶዬን በልቤ ይዤ የምኖር መስሎት፣ በጥንካሬዬ ሲመካ ሞተ። እኔ ደግሞ ያን ሁለት ወር የሸሚዝህን ኮሌታ ለምን አሰፋህ፣ ምሳህን ለምን አትጨርስም እያልኩ ነዘነዝኩት።

«አላወቅሽም ነበር እንዴ?» አለች እህቱ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

በቆሎውን አስቀምጣ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ተነሥታ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችና ከጎኔ ተቀመጠች።