አባቴ ወፈረ ሲሉ

ጣሊያን በያዘን ዘመን ኮልፌ ላይ የወፈረ ሰው ይጠረጠር ነበር። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የቃጫ ገመድ እየገመደ የሚሸጥ ከሲታ ሰው ነው። በአንድ ክረምት ፊቱ ሞላ፣ ዓይኖቹ ጠበቡ፣ እግሩ እንደ ግንድ ሆነ።

«የሶላቶ ፓስታ ተስማማው» አሉ ጎረቤቶቻችን። ባንዳ ሆኗል ብለው ሰላምታ ነሱት።

ምን እንደሚበላ እኔ አውቃለሁ፤ ምንም! ሥጋው ዝገት ዝገት ይለኛል እያለ ይተወዋል፣ ቆጮውንም ይገፋል። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይሸት ነበር። እናቴ፣ «ይሄ ሰው ቢሞት ማን ይቀብርልኛል?» እያለች ታለቅሳለች።

አንድ ጠዋት እግሩን ሳሽለት ቅልጥሙ ላይ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁ። ጣቴን ሳነሳ፣ እርጥብ ጭቃ የነካሁ ይመስል ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ክው አልኩ።

ሮጬ ወጣሁና ወሬውን የጀመሩትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይምጡና ይንኩት!»

«ምን ያለችው ባለጌ ናት! ልቀቂኝ!»

«ሳያዩ የፈረዱት እርስዎ ነዎት ባለጌ!»

ሊገርፉኝ እያባረሩኝ ቤታችን ገቡ። የአባቴን እግር ገለጥኩላቸው። እያመነቱ ተጫኑት፤ ጉድጓዱን አዩ። ሌላ ቦታ ተጫኑ፤ እንደገና አዩ።

«ይሄ... ውኃ ነው እንዴ?»

«ፓስታው ነው፣ ጋሼ» አለ አባቴ፣ እየሳቀ።

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ።

አባቴ ወር ሳይሞላው ሞተ። ቃሬዛውን ከፊት የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ መንደሩም ተከተላቸው። እኔ ግን ይቅር አላልኳቸውም።

አርጅቼ የገዛ ኩላሊቴ ሲደክም፣ አንዲት ወጣት ሐኪም አስቀምጣ አስረዳችኝ። ኩላሊት ዝም ብሎ ወንፊት አይደለም አለችኝ፤ ቀን ከሌት ስለሚሠራ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱንም በአብዛኛው የሚያገኘው ስብ አቃጥሎ ነው። ሕመሙ ሲቆይበት ግን ማቃጠሉ ያቅተዋል። ስቡ እላዩ ላይ ይከማቻል፣ እሱ ጉልበት አጥቶ ይደክማል። ማጣራቱም ሲያቅተው ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል፣ ምግብ ሁሉ ዝገት ዝገት ይላል፣ ውኃው ሰውነት ላይ ይተኛል።

ስብ ውስጥ ተቀምጦ መራብ! እንደዚያ ጠዋት ክው ብዬ ቀረሁ። ጠገበ ብለው ያሙት አባቴ ከውስጥ በረሃብ እያለቀ ነበር።

«እማማ፣ ምነው? አስደነገጥኩዎት?» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ያኔ የት ነበርሽ?» አልኳት።