ቁልፉ ከውጭ፣ ፒኑ ከውስጥ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አብዲ የቤቴን በር ሊነቅልልኝ መጣ። በሩ የእንጨት ነው፣ አርጅቷል፤ ታች ታቹ በስብሶ አይጥ ጎንበስ እንኳን ሳትል የምትገባበት ሆኗል። «አኮ፣ የብረት በር ነው የማስገባልዎት» አለኝ። አኮ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው፤ አያቱ ነኝና። «ከእኔ ምን ሊሰረቅ? ጥርሴ እንደሆነ ቀድሞ ሄዷል» ብለውም አልሰማኝም። አሮጊት ማን ይሰማል!

እኔ በርጩማዬን ደጅ አውጥቼ፣ የተቆላ በቆሎ ጭኔ ላይ ይዤ ሥራውን አያለሁ። በቆሎው ለመብላት አይደለም፣ በምን እበላዋለሁ? ሽታው ደስ ስለሚለኝ ነው። ልጁ ከኪሱ ጣት የምታክል ብረት አወጣ። መሃሏ ስፕሪንግ አላት። ጫፏን የማጠፊያውን ሁለት ክንፍ ከሚያያይዘው ፒን ሥር አስጠጋ፣ ወደ ኋላ ሳብ አደረገና ለቀቃት። ጠቅ! ፒኑ ትንሽ ብቅ አለ። ደግሞ ሳብ፣ ለቀቅ። ጠቅ!

በቆሎዬ ከጭኔ ላይ ተበተነ።

«ምነው አኮ፣ ደነገጡ?»

«አንተ፣ ያቺን ከየት አመጣሃት?»

«አዲስ ዕቃ ናት እኮ። መዶሻ አትፈልግም። እዚህ አገር ገና አሁን ነው የመጣችው።»

ሳቄን ዋጥኩት። «ማሻአላህ፣ ዘመን ስንቱን ያሳየናል» አልኩት። እሱም አምኖኝ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ግን የዚያን ቀን ራት እንኳን አልበላሁም። ያንን ድምፅ ባሌ ነስሩ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስለፈልፍ አብዲ ነው በስልኩ የሚጽፈው። የጨመረብኝ ነገር ካለ ወንጀሉ በእሱ ነው።

ነስሩን ሳገባ ኮረዳ ነበርኩ። አገሬ ሸቤ ነው፤ የአባቴ ቤት ሰው አይጠፋበትም፤ ጓሮው ቡና፣ ደጁ ልጅና ዶሮ፣ ጎረቤቱ ሳያንኳኳ የሚገባበት። ነስሩ ደግሞ አናጢ ነው፤ ከወልቂጤ ወዲያ ካለ ገጠር ብቻውን መጥቶ ጅማ የቀረ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከጢሙ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ የማይጠፋ ሰው። ሰርጉ እንዳለቀ ቡና በጫነ መኪና ጆንያ ላይ አስቀምጦ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር አመጣኝ። አንዲት ክፍል ቤት። በሯን ራሱ ነው ከዋንዛ የሠራት። አሳምሮ ሠርቷት፣ ስትከፈት ግን እንደ ተረገጠች ድመት ትጮኻለች።

ወሩ ኅዳር ነበር። ቡና በየደጁ ተሰጥቶ ከተማው በሙሉ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። ነስሩ ሰርቦ ውስጥ ለአንድ የቡና መጋዘን በርና መስኮት ይሠራል፤ ጠዋት በጭነት መኪና ሄዶ ሲመሽ ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን ሲወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፈው።

«ምነው?» አልኩት በስንጥቁ።

«ሰው አታውቂም። የቡና ወቅት ነው፣ ከተማው በማይታወቅ ሰው ተሞልቷል። ምሳሽ አለ፣ ውሃሽ አለ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው። ለሽንት ስላስቀመጠልኝ ባልዲማ አላወራላችሁም። እኔ ሞኟ፣ የጅማ ባል ሁሉ ሚስቱን ቆልፎ የሚውል መስሎኝ «ኢሺ» አልኩ።

ያ ቀን ረዘመ። ማግስቱ ደግሞ ባሰበት። በበሩ ስንጥቅ የፀሐይ ክር ትገባና ወለሉ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እኔ እከተላታለሁ። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ትጠፋለች፣ እኔ እቀራለሁ። ከውጭ መኪና ይሰማል፣ አዛን ይሰማል፣ ሴቶች እየሳቁ ያልፋሉ፤ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ቤት ውስጥ ሁለት በርጩማ አለ። አንዷን ሀዋ፣ ሌላዋን ዘሃራ አልኳቸው። ሀዋን ለዘሃራ አማኋት፣ ዘሃራን ለሀዋ። ሲሰለቸኝ አጣላኋቸው፣ ከዚያ አስታረቅኳቸው። ሳቅሁ፣ ሳቄ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ሲመለስብኝ አለቀስኩ። የሚሰማ ሰው ሳይኖር የሚሳቅ ሳቅ ያስፈራል እኮ።

ያተረፈችኝ እትዬ በላይነሽ ናት። ከጭቃው ግድግዳ ማዶ የምትኖር፣ ባል የሞተባት፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ፍሬ ከፍሬ የምትለቅም ሴት። ግድግዳው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሰማችኝ መሰለኝ፣ በቀዳዳዋ «ማነሽ አንቺ ሙሽራ? ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለች። አማርኛ ያኔ አልሰማም። አንዲት የተቆላች በቆሎ በቀዳዳዋ ገፋ አድርጋ ጣለችልኝ። «በቆሎ» አለች። «በቆሎ» አልኩ። ሌላ ፍሬ መጣ። አማርኛዬን የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ቃሉን ካስተካከልኩ ፍሬ ይገባልኛል፣ ካበላሸሁ እሷ ስትበላው ይሰማኛል። ለዚህ ነው አማርኛዬ በቆሎ በቆሎ የሚለው።

ቡናው ሲበረታ ግን እትዬ በላይነሽ ገና ሳይነጋ መሄድ ጀመረች። አንድ ጠዋት አፌን ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ «እትዬ! እትዬ በላይነሽ!» ብል መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ቀኑን ሙሉ የቀረችልኝ ሀዋና ዘሃራ ብቻ ሆኑ። ያኔ ነው ከፍራሹ ሥር ያለችው ትዝ ያለችኝ።

ነስሩ አንዲት የሚሳሳላት ዕቃ ነበረችው። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት አብሮት የሠራ አንድ ግሪክ አገሩ ሲገባ የሰጠው ናት። ሁለት ጫፍ ብረት፣ መሃሏ ስፕሪንግ፤ ሳብ አድርገህ ስትለቃት ራሷ ትመታለች። ስሟን ስለማያውቅ «ጠቅ» ይላታል። ሚስማር ሲመታ ትንሽ ሲቀረው መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ጠቅን በሚስማሩ ራስ ላይ አድርጎ ይለቃታል፤ ሚስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ እንጨቱ አንድ ጭረት አያገኘውም። ከዚያ በሰም ይደፍነዋል። የማጠፊያ ፒንም የሚያወጣው በእሷ ነው፤ እታች ወለሉ ጋ መዶሻ የሚወዛወዝበት ቦታ የለማ! ሰርቦ ሌላ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ሲሄድ እሷን ግን ትጠፋብኛለች ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ከፍራሹ ሥር ይተዋታል። እኔንና እሷን ቆልፎብን ነው የሚሄደው።

በሩን ቁጭ ብዬ አየሁት። ጓጉንቸሩ ከውጭ ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ወደ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማጠፊያው ከእኔ ጋር ነው፣ ፒኑም ከእኔ ጋር ነው። ያ ረቢ! ያ ሁሉ አናጢ ይሄንን ሳያስበው!

ጠቅን ከላይኛው ፒን ሥር አድርጌ ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። ፒኑ ብቅ አለ። በጣቴ መዝዤ አወጣሁት። የታችኛውን ሳወጣ በሩ ከላይ የሚይዘው የለምና ዘንበል አለና ግንባሬን አጋጨኝ። እብጠቱን ለነስሩ ድስት ሳወርድ ነው አልኩት። የታችኛው መቅደም እንዳለበት ያኔ ገባኝ። ለማንኛውም የማጠፊያውን በኩል ወደ ውስጥ ስስበው በሩ በጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ ተከፈተ። ቁልፉ ማጠፊያ ሆነ፣ ማጠፊያው በር ሆነ! በጎኔ ሹልክ ብዬ ወጣሁ፣ በሩን መልሼ ገጠምኩት። ከውጭ ለሚያየው ጓጉንቸሩ እንዳለ አለ።

ፀሐዩ ዓይኔን አጠፋው። ነጠላዬን ተከናንቤ ሴቶቹ ሲሄዱ የምሰማበትን አቅጣጫ ይዤ፣ ሳቅ ወደሚሰማበት ሄድኩ። አንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ስደርስ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፤ ጥቁሩን ከአረንጓዴው፣ የተሰበረውን ከደህናው። አለቃቸው «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አለኝ። የማውቀው አማርኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ የመጣልኝ አንድ ቃል ነው።

«በቆሎ» አልኩት።

ከረድፉ መሃል አንዲት ቀጭን ሴት እንደ እሳት ብድግ አለች። «ውይ! የግድግዳዋ! የኔ ናት፣ እህቴ ናት!» አለች። ድምፅዋን ሳውቀው ፊቷን ያየሁት ገና ያኔ ነው። አቅፋኝ፣ እየሳቀች፣ «ምን ዓይነት ሙሽራ ናት፣ ግድግዳ በስታ የመጣች?» አለችኝ። አጠገቧ አስቀምጣ ትሪ ሰጠችኝ። ክፍያ አልጠየቅኩም፤ ትከሻዬ የሰው ትከሻ ነክቶ ዋለ፣ ያ በቃኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ወጣሁ። ነስሩ ሳይደርስ እመለሳለሁ፣ በጎን እገባለሁ፣ ፒኖቹን ከላይ ጠብ ጠብ አደርጋቸዋለሁ፣ ጠቅን ጠቅልዬ አስተኛታለሁ። ፒኖቹ አልወጣ እያሉ ሲያስቸግሩኝ ደግሞ ቅቤ ቀባኋቸው። ጥሩ አድርጌ፣ እንደ ፀጉር።

ያ ቅቤ ነው ያጋለጠኝ። አንድ ምሽት ነስሩ ጓጉንቸሩን ፈትቶ በሩን ገፋው። በሩ ዝም ብሎ ተከፈተ። ነስሩ አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። መልሶ ዘጋው፣ መልሶ ከፈተው።

«ይሄ በር ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«አይጮኽም።»

«ሰልችቶት ይሆናላ!»

ጎንበስ ብሎ ፒኑን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ። «ቅቤ» አለ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ ሆኗል። «ማነው የመጣው?»

«ማንም አልመጣም። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

«በየት?»

ጠቅን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ፊቱ ላይ ያዝኳት። ዱላ አይደለም የፈራሁት። ማጠፊያውን በሚስማር ጠርቅሞ እንዳይደፍንብኝ ነው፤ አናጢ ነው፣ ይችላል። የሴቶቹን ሳቅ ዳግመኛ እንዳልሰማ ነው።

ጠቅን ከእጄ ተቀበለና፣ «የላይኛውን ነው መጀመሪያ ያወጣሽው የታችኛውን?» አለኝ።

«በመጀመሪያው ቀን የላይኛውን። ግንባሬን መታኝ። ከዚያ ወዲህ የታችኛውን።»

«ድስት አልነበረማ?»

«ድስት አልነበረም።»

ራሱን ነቀነቀ። «የት ነው የምትሄጂው?»

«ሰው ማየት። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ጋ። እዚህ ማን አለኝ? ከበርጩማ ጋር ነው የማወራው። አንተ እንደሆነ መጥተህም አትናገርም።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «ሀዋ ላይ ተቀመጥክ» አልኩት፤ አፌ አያርፍም። አልሳቀም። መሬት መሬት እያየ፣ «ከሰርቦ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ቤቱን ባዶ ባገኘውስ እላለሁ። ይሄን ያህል ዓመት ባዶ ቤት ነው የገባሁት። ጓጉንቸሩን ሳየው ነው ልቤ የሚመለስልኝ» አለ። ከሰርጋችን ጀምሮ እንደዚያ ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም።  ለካ ሁለት ብቸኛ ሰው ነው በአንድ ቁልፍ የተቆለፈበት።

ጠዋት በጠቅ ድምፅ ነቃሁ። ጠቅ። ጠቅ። አለቀልኝ፣ ደፈነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ነስሩ በሩ ላይ ነው። የጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ ከውጭ ነቅሎ ከውስጥ በኩል መትቶታል፤ የሚስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ በጠቅ እያሰመጠ ነው፣ ጣቴ እንዳይጫር። ሲጨርስ መክፈቻውን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ስትፈልጊ ቆልፊ። ስመጣ አንኳኳለሁ።»

የዚያን ቀን ምሽት አንኳኳ።

«ማነህ?» አልኩ።

«ነስሩ ነኝ።»

«ነስሩ የቱ?»

«ከውጭ የተቆለፈበት» አለ።

በሳቅ ወደቅኩ። ያ ዝምተኛ ሰው ቀልድ አወቀ! ከዚያ በኋላ ልጆች ወልደን፣ አርጅተን፣ ሁልጊዜ ያው ነው። ነስሩ የቱ? ከውጭ የተቆለፈበት። ታሞ እንኳን ከሐኪም ቤት ሲመልሱት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሳልጠይቀው አልገባም ብሎ ሰዉን አስቸግሯል፣ አላህ ይዘንለት። ጠቅን ከእሱ ጋር ላስቀብራት አስቤ ሼኹን ብጠይቅ ተቆጡኝ። ስፕሪንጓ ላልቶ ሳጥኔ ውስጥ ተኝታለች። ለአብዲ አላሳየኋትም፤ አዲስ ዕቃ ነው ብሎ ደስ እንዳለው ይኑር። አሁን ሲጽፈው ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

እትዬ በላይነሽም ሄዳለች፤ ቤቷ ፈርሶ ቦታው ላይ ብሎኬት ተሠርቷል። ብሎኬት ቀዳዳ የለውም። ልጆቼ በየከተማው ናቸው፤ ይደውላሉ፣ «በሩን ዝጊ» ይሉኛል። ማንም አይቆልፍብኝም ዛሬ። የሚገርመው፣ ያቺ የፀሐይ ክር እስከ ሰሞኑም በነስሩ በር ስንጥቅ እየገባች ወለሉ ላይ ትሄድ ነበር፣ እኔም እከተላት ነበር። የብረቱ በር ስንጥቅም የለው።

አብዲ በሩን ተክሎ ሲጨርስ አየሁት፤ ማጠፊያው በብየዳ የተያያዘ ነው፣ የሚወጣ ፒን የለውም። «መቀርቀሪያውን ከውስጥ አድርጌልዎታለሁ። እስቲ ይሞክሩት» ብሎ እሱ ውጭ ቆመ። ቀረቀርኩት። አንኳኳ።

«ማነህ?» አልኩ።

«አብዲ ነኝ አኮ!»

«አብዲ የቱ?»

«ኧረ አኮ፣ ፀሐዩ በላኝ፣ ይክፈቱ እንጂ!»

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው። ትንሽ ጠበቅኩ። ከብረቱ ማዶ ያ መልስ የሚመጣ መሰለኝ። ከዚያ ከፈትኩለት፤ ልጁ ምን አጠፋ? በሩ ሲከፈት ድምፅ አልነበረውም።

«ይሄንን በር ትንሽ እንዲጮኽ አድርግልኝ» አልኩት።