ከተራራው ወዲህ የተሠራው ጣሪያ

ግንበኛው ከተራራው ወዲያ ያለው የደረቁ አገር ሰው ነው። እዚያ ደመና ብቅ ሲል ሰው ሥራውን ትቶ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ ደመናው ግን የተሸከመውን ሁሉ ተራራው ላይ ዘርግፎ፣ ባዶ እጁን እንደመጣ እንግዳ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ስለዚህ የዚያ አገር ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። በእንጨት ርብራብ ላይ ጭቃ ይመረግበታል፤ ዙሪያውን ደግሞ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥ አጭር ግንብ ይታጠርለታል፤ የተጠራቀመው ውሃም በቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ግንበኛው ዕድሜ ልኩን የሠራው ይህንኑ ነው። እሱ በሠራው ጣሪያ ላይ ውሃ ባከነብኝ ያለ ሰው የለም። ይህንንም ራሱ ይነግራችኋል፣ ሳትጠይቁት።

ልጁ አግብታ ከተራራው ወዲህ መጣች። ተራራው ያው አንድ ተራራ ነው፤ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ ከሰዓት ይሻገረዋል። ወዲህኛው ወገን ግን ዝናቡን ሁሉ ብቻውን የሚጠጣ ነው። ጣሪያው ሁሉ ሾጣጣ ቆርቆሮ ነው፤ የአጥሩ ድንጋይ ሳይቀር ሽበት አውጥቷል። ልጅቷ ማርገዟን ሲሰማ ግንበኛው መሣሪያውን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ ቁራሽ መሬት ገዝቶ ነበርና፣ እዚያ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሊሠራላቸው። «ቆርቆሮ ምን ያደርግላችኋል፤ እኔ እያለሁ!» አለና እንደሚያውቀው አድርጎ ሠራው፤ ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን ግንብ የታጠረ። ወሩ የበጋ ወር ነበር፤ ሰማዩም ልክ እንደ አገሩ ሰማይ ጥርት ያለ። አይፈረድበትም።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን አንጋጣ አየችና «አባባ፣ መዋኛ ነው እንዴ የሚሠሩልን?» አለችው።

«አንቺ መርፌሽን ያዢ» አላት። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም። ሰውዬው አንዴ ካኮረፈ ለሳምንት ነዋ፤ ማን ይድፈረው?

ልጅቷ ወለደች፤ ክረምቱም ገባ። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ግንበኛው የሚያድረው መንደሩ ውስጥ በተከራያት ጓዳ ነበር። መጀመሪያ ካፊያ ብቻ ነበር። ግንበኛው ቱቦው ሥር በርሜል ደቅኖ፣ ሲሞላ እያየ በደስታ መቀመጫ ያጣ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የጀመረው ዝናብ ከሰዓትም አላባራ አለ። የዚህ አገር ዝናብ መዝነብ አይባልም፤ መደፋት ነው። በርሜሉ ሞልቶ ግቢውን አጥለቀለቀው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው። ግንበኛው ጆንያ ተከናንቦ፣ ዶማ ይዞ በመሰላል ወደ ጣሪያው ወጣ።

ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል ብሎ እጁን ሰደደ፤ አልተደፈነም። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ቱቦው የሚችለውን ያህል እያወረደ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ከዚያ አብልጦ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ዶማውን አንስቶ ግንቡን ይደበድበው ጀመር። ግንቡ ወይ ፍንክች! አሳምሮ ነበራ የገነባው። በመታው ቁጥር ጣሪያው ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከታች አንድ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማ። ልጅቷና ሕፃኑ ከዚያ ሥር ናቸው። ዶማውን ወርውሮ ወረደ።

ልጁ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከላይ የረጠበ አፈር አልጋው ላይ ይንጠባጠባል።

«ተነሺ፣ ልብስ ሰፊዋ ቤት እንሂድ» አላት።

«በዚህ ዝናብ? ሳል ይዞታል እኮ አባዬ፤ ብርድ ይመታብኛል።» ዓይን ዓይኑን አየችው። «ሊወድቅ ነው?»

«ምን ይወድቃል! ለማንኛውም ብዬ ነው እንጂ።»

«የማይወድቅ ከሆነ ምን ያስወጣኛል ታዲያ?»

ግንበኛው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ፈሪ አይደለም፤ ግን «ተበላሸብኝ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። አሁንም ምክንያት ሞልቶታል፤ እንጨቱ የዚህ አገር እንጨት ነው፣ አፈሩ ልል ነው፣ ዝናቡ ያለ ልክ ነው። ይህን ሁሉ ሊደረድር አፉን ሲከፍት እንጨቱ ዳግመኛ ቀጭ አለ፤ አሁንስ ረዘም ብሎ።

«ይወድቃል» አላት። «አበላሽቼዋለሁ፣ ልጄ። የእኔ ጥፋት ነው።»

ሳይጨርስ ብድግ አለች። ሕፃኑን በጋቢ ሸፈነው፤ ግቢውን በውሃ ውስጥ እየተደናበሩ ተሻገሩ። ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ ስትጎትታቸው፣ ከኋላቸው ከባድ ድምፅ ተሰማ። ጣሪያው ከነግንቡ አልጋው ላይ ወረደ። ጭቃው ፍራሹን እየገፋ በበሩ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ፎጣ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ግንበኛው ከግድግዳው ተጠግቶ ከተከናነበው ጆንያ ውሃውን ይጨምቃል።

«ምነው አትቆጪኝም?» አላት ልጁን።

«ምን ብዬ ነው የምቆጣህ? አውቅ ነበር እኮ። ግንቡን ማጠር የጀመርክ ዕለት ነው ያወቅሁት። የሚወድቅበትን ቀን ብቻ ነበር ያላወቅሁት።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እማዬ ከሞተች ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማሁህ ያን ሰሞን ነው፤ ጣሪያው ላይ ሆነህ። በየት በኩል ልንገርህ?» ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። «ዝናብ በጣለ ቁጥር እሱን በሩ ሥር ነበር የማስተኛው፤ አፈፍ አድርጎ ለመሮጥ እንዲመች።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አልጋዬ ላይ። ገብተህ መሬት ተኝቼ ብታየኝ ይገባሃል ብዬ።»

ግንበኛው ሕፃኑን ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ ነበር። መልሶ ሰበሰበው።