የጌታሁንን እርም ያወጣንበት እሁድ

ልጅ እያለሁ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አባያ ሐይቅ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ ያሰግር ስለነበር፣ ከገበያ የተረፈውን በክር ሰክቶ ያመጣልናል። እናቴ ስትጠብስ እኔ ምድጃው ሥር ተወሽቄ ጭራውን እጠብቃለሁ። እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ቀድሞ ይበላብኝና ስነፋረቅ ይስቃል። ነገረኛ ነበር፤ ግን እንደሱ የምወደው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ጓደኞቹ ዋኝተው ወጡ፤ ጌታሁን አልወጣም። ሰው ዳር ዳሩን ቢፈልግ፣ ቢያስስ፣ ሸሚዙ እንኳ አልተገኘም። አዞ የሚለውን ቃል እኔ ፊት ማንም አይጠራም፤ ስደርስ ዝም ይላሉ። ነገሩን ያወቅኩት ከዝምታቸው ነው።

እናቴ ግን "ሬሳ አላየሁም፤ ልጄን ጌታ ይመልስልኛል" አለች። የአጥቢያችን እናቶች ቤታችን ተሰብስበው ጾም ጸሎት ያዙ። ወንጌላዊው እጁን ጭኖባት "እህት አልማዝ፣ በእምነት ተቀብለሻል" ሲላት "አሜን" አለች። ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት ማልቀስ ክህደት ሆነ። እኔ ጌታሁን ሲናፍቀኝ ጓሮ ሙዙ ውስጥ ገብቼ፣ አፌን በቀሚሴ አፍኜ ነበር የማለቅሰው።

የአባቴ ዘመዶች መርዶውን ሰምተው ከደጋው ከኦቾሎ ሲወርዱ፣ ለቅሶውን ገና መንገድ ላይ ጀምረውት ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "ለጸሎት ከሆነ ግቡ። ለለቅሶ ከሆነ እዚህ የሞተ ሰው የለም።" አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ "የወንድሜ ልጅ ውሻ ነው እንዴ፣ ሳይለቀስለት የሚቀር?" ብላ ያንን ሁሉ ዳገት ተመልሳ ወጣች። አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ፣ ሳይሸምን ተቀምጦ ነበር። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ "አልሚ፣ እባክሽ የልጄን እርም ላውጣ" አላት። እሷ ግን አልፋው ገብታ የጌታሁንን ምሳ ከድና አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ እሱ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተወ፤ እርስ በርስም መነጋገር ተዉ።

ክረምቱ አለፈ። እናቴ ከስታ ቀሚሷ የሌላ ሰው መሰለ፤ የጌታሁንን ምሳ ግን ማስቀመጧን አልተወችም። እሁድ በምስክርነት ሰዓት ሥራ ያገኘው፣ ከወባ የዳነው እየተነሣ ሲመሰክር እጄን ጨምድዳ ትይዘኝ ነበር። የሚነሣው ጸሎቱ የተመለሰለት ብቻ ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው።

አንድ እሁድ ግን ተነሣች።

"ጌታን ለመንኩት" አለች በአማርኛ። ከዚያ ወደ ጋሞኛ ዞረች፤ ሲጨንቃት አማርኛው ይጠፋባት ነበር። "ልጄን አልሰጠኝም። ለምን እንደሆነም አልነገረኝም። ልጄ ሞቷል። ዛሬ እዚሁ፣ በጌታ ፊት ላልቅስ። ካላፈራችሁብኝ እናንተም አልቅሱልኝ።"

ወንጌላዊው ማይክራፎኑን አስቀመጠ። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እሪ አለች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተቀበላት። ወንጌላዊውም ወለሉ ላይ ተንበርክኮ "ይቅር በዪኝ፣ እህቴ" እያለ አለቀሰ። ሰው ሮጦ አባቴን ጠራው፤ በሥራ ልብሱ ገብቶ አጠገቧ ቁጭ አለ፣ ደረቱን እየመታም ልጁን በስሙ ተጣራ። እሷ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። እኔም አፌን ሳላፍን አለቀስኩ።

አሁን አባቴ የለም። እናቴ አርጅታ ሴቻ ሰፈር እኔ ጋ ትኖራለች። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያናችንም ፈርሳ ትልቅ አዳራሽ ሆናለች፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ምስክርነቱ ስለ መኪናና ስለ ቪዛ ነው፤ ለምኖ ላጣ ሰው ማይክራፎን የሚያቀብለው የለም። እኔ ራሴ ትንሽ ነገር ለምኜ ሲዘገይብኝ አኩርፌ እሁድን ተኝቼ የማሳልፍ ሰው ነኝ። ባለፈው እሁድም እንደዚያው ልተኛ ስል እናቴ መጥታ ራስጌዬ ቆመች።

"እማዬ፣ አንቺ ያኔ ጌታን አልተቀየምሽውም?" አልኳት።

"ተቀይሜዋለሁ እንጂ" አለችኝ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። "አሁንም አልወጣልኝም። እሱም ያውቃል፤ በየእሁዱ ሄጄ እነግረዋለሁ። በይ ተነሺ፣ ይረፍድብናል።"