ሳጥኑን አቅፌ ከቡሬ የተመለስኩ ዕለት

እኔ አንድ ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ማንኩሳ ከወንድሜ ልጆች ዘንድ እከርማለሁ፤ ሲሰለቸኝ ነጠላዬን አደግድጌ ሌላ ዘመድ ፍለጋ እነሣለሁ። ያን ጊዜ መንገዴ ወደ ሽንዲ ነበር። ታላቅ እህቴ ታማ አልጋ ይዛ፣ «ታናሼ መጥታ ትየኝ» ትላለች ብለው ልከውብኝ ነው። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

መንገዱ ወደ ኋላ ቢሆንም፣ አስቀድሜ ልጄን አይቻት ልሂድ ብዬ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ልጄ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እየጻፈች ነው የምትተዳደር። በሯ ላይ ብቆም ዘወር ብላም አላየችኝ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የኮምፒውተሩን ሳጥን ማብሪያ ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ ደግሞ ትጫናለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እማ፣ አልነሣም አለኝ እኮ! ሲያሻው ይነሣል፣ ሲያሻው ይለግማል። የሰው ሥራ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

ሶኬት ቀይራለች። ገመዱን ነቅላ ሰክታለች። ጎኑን ፈትታ አቧራውን እፍ ብላለች፤ ራም የሚሉትን ቁራጭ አውጥታ በላጲስ ፈግፍጋ መልሳለች። አንዱን ቀን ይሠራል፣ በማግሥቱ ይከዳታል። እኔ ፊደል እንኳ ያወቅሁት አባቴ ተማሪ ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው፤ ኮምፒውተር ከየት ላውቅ? ብቻ «እስቲ የቱ ላይ ነው የምትነኪው?» አልኩና ጣቴን አሳረፍኩበት። እያጉረመረመ ተነሣ፤ መስተዋቱም በራ።

ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «እጅዎ ይባረክ! የባለ መድኃኒት እጅ ነው ያለዎ» አሉ። ሁላችን ሳቅን። በማግሥቱም ለልጄ እምቢ ብሎ ለእኔ ተነሣ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይልቀቀኝ? «ዛሬን ብቻ እማ፣ ነገ ትሄጃለሽ» ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ይወልዳል።

እህቴ በልጇ ስልክ አስደወለች። ድምፅዋ ያው የጥንቱ ነው።

«ምን ያዘሽ አንች?»

«አንድ ዕቃ ነው እታለም። እኔ ካልነካሁት አይነሣም።»

«በሬ ነው?»

«በሬስ አይደል፤ ኮምፒውተር ነው።»

«እንግዲያ ተይው ይተኛ። እኔም ተኝቻለሁ፤ መጥተሽ እኔን አንሽኝ።»

ስቃ ስቃ ሳል ያዛት።

ይህንኑ ለልጄ ብነግራት፣ «ቡሬ ጠጋኝ አለ፤ ሳጥኑን እናሳየውና አንቺ ከዚያው ወደ ሽንዲ ትቀጥያለሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቅፌ ሚኒባስ ገባን። ረዳቱ፣ «እማማ፣ ሕፃን ነው ዕቃ? ዕቃ ከሆነ ላይ ይጫን» አለኝ። «የታመመ ልጅ ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ጠጋኙ ገመዱን ሰክቶ ቢጫነው ወዲያው ተነሣ። አጥፍቶ ደገመ፤ ተነሣ። «ምን አለበት? ጤነኛ ነው» አለ። ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። «ቤት ስንገባ እማ ካልነካችው እምቢ ይላል እኮ!» እሱ ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ መቼ ነው የሚነኩት?»

«ከቅዳሴ ስመለስ፣ ረፈድ ሲል።»

«በቃ፣ እጅዎ አይደለም እማማ፤ ፀሐይዋ ናት። ኃይል የሚያድለው ክፍል ደክሟል፤ ሲበርደው አይነሣም፣ ቤቱ ሲሞቅ ይነሣል። አዲሱ ከባሕር ዳር ይምጣ፣ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት።»

«ፀሐይ ስታስነሣው አላየሁም» አለች ልጄ፤ «እማን ግን አይቻለሁ።»

መናኸሪያው ስንደርስ የሽንዲው መኪና ሰው እየጠራ ነው። ልጄ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። «ይችን ያለችብኝን ሥራ ብቻ ልጨርስ እማ። የሰው ፊት ማየት አቃተኝ።» ቡሬ ማለት እኮ እህቴ ዘንድ ለመድረስ እኩሌታው ነው። መኪናውን አየሁት፤ ልጄን አየኋት። ሳጥኔን አቅፌ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

በማግሥቱ እጄም ፀሐይዋም አላስነሡት። በቀትር ሞከርን፤ እንደ ድንጋይ ዝም። ልጄ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ጀርባዋን ዳበስኳት፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ባለ ጉዳዮቹ በበሩ አንገታቸውን እያስገቡ «ተነሣ?» ይላሉ።

«ሂጂ እማ» አለችኝ ቀና ሳትል።

ስሄድ የሽንዲው መንገድም ተዘግቶ ቡሬ ሰው ቤት ሰነበትኩ። ሽንዲ ስደርስ እህቴ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አንድ ጭብጥ ሆኗል። ተንደርድሬ ጉልበቷን ሳምኩ። እሷ ግን ለእንግዳ እንደሚደረገው ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ሞከረች።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። «ከየት መጡ?»

ልጇ «እናቴ፣ እህትሽ እኮ ናት» አላት። አልሰማችውም፤ እኔን ነው የምታይ።

«ከፍኖተ ሰላም» አልኳት።

«እህቴም እዚያ ናት። ዕቃ ይዟት ነው የቀረች። ሲመለሱ ካገኟት፣ ቶሎ ነይ ብላለች ይበሉልኝ።»

«እሽ» አልኳት።